የአባባ መኪና በየደጁ ቆማለች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን ሲይዝሽ የነበረው ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይፈታተንሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ልጆችሽስ ብርዱ እንዴት ይዟቸዋል? ትንሹ ጥርሱ ወለቀ ብለሽ ስትነግሪን እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። እኛ በአካል ደህና ነን፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጣሪያውም ዘንድሮ አላፈሰሰም። ናፍቆትሽ ግን እንዳለ ነው። የሆዴን የማወራው ሰው ባጣሁ ቁጥር የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ፤ ዛሬም ብዕር ያስያዘኝ ይኸው ነው።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ የማይወራ ሆኖብኝ ነው። አንቺ ስትደውዪ አባባ ሁልጊዜ ከጎኔ ናቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው፣ በዚያ በጎርናና ድምፃቸው «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ፣ እዚያ አገር ሰዉ ይነዳል ወይስ ይበራል?» ይሉሻል፤ አንቺም ትስቂያለሽ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ይሰጡኝና «ማን ነበረች?» ብለው ይጠይቁኛል። ባለፈው ጊዜ በአክስታችን ስም ሲጠሩሽ የለመድሽው ቀልዳቸው መስሎሽ «አቤት» አልሻቸው። ቀልድ አልነበረም እታለም። የጎረቤታችን ልጅ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

በመጨረሻ ስንነጋገር «አባባ ካረጁ መኪናዋን ሽጣትና ሌላ ዓይነት ግዛ፤ የማያውቋት ከሆነች መንዳቱን በራሳቸው ይተዉታል» ብለሽኝ ነበር። ደግሞም «እናንተ ሾፌሮች ግን ምን ነክቷችሁ ነው ሁላችሁም አንድ ዓይነት መኪና ላይ የሙጥኝ ያላችሁት? እዚህ እኮ ሰው መኪናን እንደ ጫማ ነው የሚቀያይረው» አልሽኝ። እኔም ወሬ ቀየርኩብሽ። የቀየርኩት ያልሽውን ሁሉ ቀደም ብዬ አድርጌው ስለነበር ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገርሽ፤ ያለ እሷ ሌላው አይገባሽም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የፋብሪካ ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፍቷል። ሾፌሩ ሁሉ «አታሳፍሪኝ» ነው የሚላት። ጠዋት ቁልፍ ከማዞራችን በፊት ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርገን የምንላት ቃል ነበር፤ ውሎ አድሮ ስሟ ሆኖ ቀረ። አባባ ከሷ በፊት የሰው መኪና ይነዱ እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ ያቺ ወንበሯ ቆዳ የሆነችው፣ ሰርግ ሲኖር ሰው የሚሻማባት። ከከተማ ውጭ ሄዳ ቀጥ አለችባቸውና ይህችን የምታህል አንዲት ዕቃ ጠፍታ ሜዳ ላይ ሰነበቱ። ያን ጊዜ ከመኪናዋ ጋር እንደ ጥበቃ ውለው ሲያድሩ፣ በአጠገባቸው ያለፈው ሾፌር ሁሉ ሊረዳቸው እየቆመ፣ ኮፈኗን እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሄድ ነበር። ከዚያ ሲመለሱ ነው የራሳቸውን ለመግዛት የቆረጡት። ቆንጆዋን ትተው ይችን ለምን እንደመረጡ እማዬ ስትጠይቃቸው «እኔ መኪና የምገዛው ለምትሄድበት ቀን አይደለም፤ ለምትቆምበት ቀን ነው» አሏት።

ነገሩ ይኸው ነው እንግዲህ። አታሳፍሪኝም እንደ ሌላው ብረት ትበላሻለች። ግን ኮፈኗን አንስተሽ መንገድ ዳር ስትቆሚ ከኋላ የሚመጣው ያው ያንቺ ዓይነት ነው፤ የሱ ትርፍ ካንዴላ ላንቺ ይሆናል፣ ያንቺ ጎማ ለሱ ይሆናል። መካኒኩ ሁሉ ሙያ የለመደው በሷ ላይ ነው። መለዋወጫዋ ሳሙናና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ ሳይቀር ተሰቅሎ ታገኚዋለሽ። ቤንዚን አሽትታ ትሄዳለች። ዋጋዋም የኛን ቢጤ አያባርርም፤ ልሽጣት ስትዪም ገዢው ደጅ ቆሞ ይጠብቅሻል። ታክሲ ተራ ላይ ስንሰለፍ መኪኖቻችን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ከማርጀታቸው ብዛት በራቸው እንኳ የራሱን ቁልፍ ከሌላው አይለይም፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ይከፍታል፣ ሞተሩንም ያስነሳል። ዝናብ ሲመጣ ሻይ ሊጠጣ የሄደውን ሰው መኪና ከፍተሽ መስኮቱን ዘግተሽለት ትሄጃለሽ። ማንም ማንንም አይቀየምም። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

የአባባ ነገር የጀመረው መንገድ ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የነዱበት አደባባይ ውስጥ ገብተው መውጫው ጠፋቸው። ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በኋላም አስቁሞ በየፊናው ወረደ። አንዲት ነርስ ብቻ ቀረች። ከጎናቸው ተቀምጣ «ቀስ ብለን እንሂድ አባት፣ እኔ አሳይዎታለሁ» እያለች ቤት ድረስ አደረሰቻቸው። ሐኪም ዘንድ እንድወስዳቸው የመከረችኝም እሷ ናት። ሐኪሙ ራሳቸውን በማሽን ካየ በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ይህ የመርሳት በሽታ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንደማይሄድ ነገረኝ። መድኃኒቱስ ብዬ ብጠይቀው «ትንሽ ያዘገየው እንደሆነ ነው» አለኝ። አንቺ ሩቅ ሆነሽ ከምትጨነቂ ብለን ለጊዜው ዝም አልን። ጊዜው ግን አለቀብን።

አባባን «ከእንግዲህ እኔ ልንዳ፣ እርስዎ ይረፉ» አልኳቸው። «መልካም አስበሃል ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ ከሁላችንም ቀድመው መሪው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለምናቸው እሺ ይላሉ፣ ሲነጋ ይረሱታል። አንድ ቀን ጨከንኩና ቁልፉን ከእጃቸው ወሰድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መኪናዋ ዘንድ ሄደው እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ የዚህች መኪና ባለቤት እርስዎ ነዎት? አንድ ጊዜ ልሞክራት ይፈቅዱልኛል?» አሉኝ። አባቴ እኔን አንቱ አሉኝ እታለም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ቁልፉን መልሼ ሰጠኋቸውና ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እጄን የእጅ ፍሬኑ ላይ እንዳደረግኩ ሰፈሩን አዞሩኝ።

መኪናዋን ለመለወጥ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ልክ አንቺ እንዳልሽው። ለለወጠኝ ሰው የኔን ቁልፍ ሰጠሁት፤ የአባባን ግን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ተውኩላቸው። የምትከፍተው መኪና ከሌለ ቁልፍ ብቻዋን ምን ታደርጋለች ብዬ ነው። የመጣችው መኪና የሌላ ፋብሪካ ናት፤ ወንበሯ ያሰምጣል፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። አባባ አንድ ጊዜ ዞረው አዩዋትና «የማን እንግዳ ነው የመጣብን?» ብለው ገቡ። ሁለተኛ ዞር ብለውም አላዩዋት። እማዬና እኔ በዓይን ተነጋገርን፤ ተገላገልን ብለን።

ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በርታ መኪናዋ ገበያ መሐል ቀጥ አለች። የተራው ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው ወርደው ከበቡኝ፤ ግን በዕቃ ሳጥናቸው ካለው ሁሉ ለሷ የሚሆን አንድም አልተገኘም። ጎትተን ግራኙ መካኒክ ጋር ወሰድናት። ያን ግራኝ ታውቂዋለሽ፣ በልጅነታችን ብስክሌታችንን የሚጠግንልን ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉ ነገር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሲያይ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና «ይቺ የምትፈልገው ኮምፒውተር ነው፤ እኔ ያለኝ እጅ ነው» አለኝ። ዕቃው ከውጭ አገር ይምጣ ተባለ። ይኸው እስከዛሬ ይመጣል። አንቺ ኋላ ለምን አንድ ዓይነት መኪና ላይ የሙጥኝ አላችሁ ብለሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ እኔ የመለስኩት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ባለቤቴ ደወለች፤ አባባ የሉም። እማዬ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትዞር ወጥተዋል። ወዲያው ደግሞ ከቤታችን በላይ ካለው ፋርማሲ ደጅ አንድ ነጭ አታሳፍሪኝ መጥፋቷ ተሰማ። ባለቤቱ ለሚስቱ መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ ሲወጣ የለችም። አንድ ሽማግሌ መስታወት አስተካክለው፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ረጋ ብለው ሲነዱ ያየ ሰው ነበር። ካፖርታቸው ውስጥ የተውኳት ቁልፍ ትዝ ስትለኝ ከድንጋዩ ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። ነጭ አታሳፍሪኝ ጠፋች ብለሽ ለትራፊክ ፖሊስ ስትናገሪ ከወንዝ ውስጥ አንድ ጣሳ ውሃ ጠፋኝ እንደማለት ነው። ግራኙ በደንበኛው መኪና ይዞኝ በየመንገዱ ዞርን፤ የትም የትም አባባ የሚነዷት የምትመስል መኪና ነበረች። በየታክሲ ተራው ሰው ሲደዋወል፣ እማዬ ናት የደረሰችበት። ሰዓቱን አየችና «ትምህርት ቤት ሂዱ፤ የመውጫ ሰዓት ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በፊት የተማርንበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ጥጉን ይዘው፣ ፍሬቻቸውን አብርተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል። የመኪናው ባለቤት ከኛ እኩል ደረሰ፤ መድኃኒቱን በፌስታል እንደያዘ፣ ፊቱ ደም መስሎ። የበሩን እጀታ ይዞ እየነቀነቀ ሌባ ይላቸው ጀመር። አባባ አልደነገጡም። «ቀስ ልጄ፣ በር እንዲህ አይያዝም። ልጆቼን እየጠበቅሁ ነው። ትንሹ አሁን ይወጣል። ትልቋ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ጓደኞቿን ሁሉ ሳትሸኝ አትወጣም» አሉት። ሰውዬው ወደኔ ዞረ። ትንሹ እኔ መሆኔን፣ ትልቋም ባሕር ማዶ መሆኗን በጆሮው ነገርኩት። እጀታውን ለቀቀ። በዚያ በኩል ዞሮ በሩን ከፈተና ከጎናቸው ገብቶ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እንግዲያው አብሬዎት ልጠብቅ አባት» አላቸው። ዘበኛው በሩን እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም የሚወጡትን ልጆች እያዩ ተቀመጡ። እኔና ግራኙ አጥር ተደግፈን ቆምን። በመጨረሻ አባባ «ዛሬስ በእግራቸው ሄደው ይሆናል» ብለው መሪውን ለሰውዬው ለቀቁለት።

ያን ቀን አንድ ልጅ መንገድ ላይ ቢገባስ ኖሮ? ይህን እያሰብኩ ቁልፏን ደበቅኩባቸው። ቤቱን ገለበጡት፤ ፍራሽ አነሱ፣ የእማዬን ሳጥን በረበሩ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እህል አልቀምስም አሉ። እማዬ ሁሉን ችላ ይህን አልቻለችም፤ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ቁልፏን ከሳህናቸው አጠገብ አስቀመጠችላቸው። ያን ጊዜ ጎረሱ። እኔም ተውኩላቸው። የድሮዋን መኪና አሳልፌ ሰጠሁ እታለም፤ የአባባ መኪና ግን በየደጁ ቆማለች። የቱን ሸጬ የቱን እተዋለሁ? በመጨረሻ ያቺን እንግዳ እንደተበላሸች ለሚወስዳት ለቀቅኩና ተመልሼ አታሳፍሪኝ ገዛሁ፤ ሥራ ፈትቼ መኖር አልችልም።

መላ ያመጣው ግራኙ ነው። የኛ ሰፈር ሾፌሮችን ሰብስቦ፣ መኪና አቁመው ሲወርዱ ኮፈኑን ከፍተው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያደርሰውን ዋናውን ካቦ ነቀል እንዲያደርጉ ለመናቸው። ካቦው ከተነቀለ መኪና አትነሳም። አንድም ሰው አልከፋውም። ያ የፋርማሲው ሰውዬ ሳይቀር በሰፈራችን ሲያልፍ ይነቅላል። ሰው እንዲህ ደግ ሆኖልናል። አንድ ዓይነት መኪና መንዳት ያተረፈልን ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አንዱ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቅበታል።

አሁን የሚሆነውን ግን ተመልከቺ። አባባ ጠዋት ለባብሰው ይወጣሉ። ደጅ የቆመችውን ይከፍታሉ፣ ይገባሉ፣ መስታወቷን ያስተካክላሉ፣ ቁልፉን ያዞራሉ። ትንቋቋለች እንጂ አትነሳም። ወርደው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ፤ ያችም እንዲሁ። ተመልሰው ይመጡና በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያያሉ። አንድ ቀን እማዬን «ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። ምን በድያት ነው?» አሏት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ካቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። «ነገ ትነሳለች አባባ» አልኳቸው።

ሥራ ይዣቸው መውጣትም ሞክሬ ነበር። ከጎኔ ተቀምጠው ተሳፋሪውን ሰላም ሲሉ፣ ማርሽ ስቀይር «ይበል» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን እየሄድን ሳለ በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ በካፖርታቸው ይዤ አስቀረኋቸው። ከዚያ ወዲህ እሱም ቀረ።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ልጨርስ አስቤ ነበር፤ ትናንት የሆነውን ልጨምርልሽ። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ሳለሁ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። የኔ መኪና ድምፅ ነው። የያዝኩትን ብርጭቆ ጥዬ ስሮጥ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ አባባ ከጎኗ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ሲያብሱ አገኘኋቸው። እሳቸው ስም ይርሱ እንጂ እጃቸው ካቦውን አልረሳም፤ ፈልገው አግኝተው መልሰው ሰክተውታል። ሞተሩን አጠፉና ወደኔ መጡ። «አዲሱ ሾፌር አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ዕቃዋ ደህና ነው፤ አንድ ሰው ካቦዋን አላልቶባት ነው። እኔ ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ አንተ ንዳት። ግን ተጠንቀቅ፣ ልጆቼን የማሳድገው በሷ ነው» ብለው ቁልፏን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ስንታገልባት የኖርናት ቁልፍ በፈቃዳቸው እጄ ገባች፤ ለልጃቸው ግን አይደለም የሰጡት።

ዛሬ ሲነጋ ኪሳቸውን ዳበሱና ሌባ ገብቷል አሉ። እማዬን አፋጠጧት፣ ባለቤቴን ተጠራጠሯት። ቁርሳቸውን ገፉት። ምን ላድርግ፤ ካፖርታቸውን ሳቀብላቸው ቁልፏን ቀስ ብዬ ኪሳቸው ከተትኩት። ካቦውን ግን ጨርሼ አወጣሁት። ይህን ስጽፍልሽ እሳቸው ደጅ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ቁልፍ ያዞራሉ፤ ካቦው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ነይ ልልሽ አልችልም፣ አትምጪ ልልሽም አልችልም። የምትመክሪኝ ካለሽ ጻፊልኝ፤ ከሌለሽም ዝም ብለሽ ጻፊልኝ።

እማዬ ዓይኖችሽን ትስማለች፤ ከስታለች፣ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኔ ይልቅ አባባን የምታግባባው እሷ ናት። ልጄ የሳልሽላትን ድመት አሁንም ራስጌዋ ላይ ለጥፋዋለች። ግራኙም ሰላምታዬ ይድረሳት ብሏል። ለባለቤትሽና ለልጆችሽ አንድ በአንድ ሰላም በዪልኝ፤ ትልቁን ልጅሽን በተለይ በግንባሩ ሳሚልኝ። አባባ አሁን መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ለእታለም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «አላውቃትም፤ ግን ሰላም በልልኝ። ፊደልህን አስተካክለህ ጻፍ፣ ሩቅ ያለ ሰው ሲያነበው እንዳይቸገር» አሉኝ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን በረንዳ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን